ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ክፍል፦ ልጆቻችንን በሒሳብ ትምህርት እንዴት እናዘጋጃቸው?



ባለፈው ክረምት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ዲማ ሄጄ ሳለሁ አንዲት እናት ልጃቸውን አስከትለው ወደ አረፍኩበት ቤት መጡ። ልጅቱ የስምንተኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና አልፋ በመስከረም ወደ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ተዘጋጅታለች። እናቲቱ ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ «አባ፣ ከተማ ቤት ተከራይቼ፣ ስንቅ እየቋጠርኩ ላስተምራት አስቤያለሁ። አባቷ ግን በመጀመሪያው መንፈቅ ከወደቀች ትመለስ፣ ከተመለሰችም ትዳር ትያዝ ብሏል። ሌላው ትምህርት ደኅና ነው፤ ሒሳቡ ግን ያስፈራታል። እስኪ እርስዎ ይዩልኝ» አሉኝ።

ወረቀትና እርሳስ አቀረብኩላትና «ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት 1/2 + 1/3 = 2/5 ብላ ጻፈች። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራ ነበር። ስህተቱን ወዲያው አልነገርኳትም። «የአንድ እንጀራ ግማሹን ለአባትሽ፣ ሲሶውን ለወንድምሽ ብትሰጪ፣ የሰጠሽው ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አልኳት። «ይበልጣል እንጂ፣ አባ» አለች እየሳቀች። «የጻፍሽው ሁለት አምስተኛስ ከግማሽ ይበልጣልን?» ብዬ ብጨምር ሳቋ ቆመ። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየችና «ያንሳል። እንግዲያው ተሳስቻለሁ» አለች።

ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። እንጀራውን ታውቀዋለች፤ በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ያንኑ እንጀራ የሚናገር መሆኑን ግን የነገራት አልነበረም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም የእርሷ ጉዳይ ነው፤ በየቤታችን እንደ እርሷ ያሉ ብዙዎች ናቸውና።

1. መሸጋገሪያው ስለ ምን ይከብዳል?

እንደሚታወቀው ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ መዋል በጀመረው ሥርዓተ ትምህርት መሠረት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የመጀመሪያ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ ተከፍሏል። ልጁ ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ሲሻገር ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይለወጡበታል።

አንደኛው የትምህርቱ ጠባይ ነው። እስከዚያ ድረስ ሒሳብ በአመዛኙ የታወቁ ቁጥሮችን መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ነበር። በዘጠነኛ ክፍል ግን የስብስብና የቁጥር ሥርዓት ትምህርት ይሰፋል፤ እኩልታዎችን መፍታት፣ የትሪጎኖሜትሪ መግቢያ፣ የቅርጾች ተመሳሳይነት፣ ስታትስቲክስና የመሆን ዕድል ይከተላሉ። በቁጥር ፈንታ ፊደል ይገባል፤ «ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄም «ለምን እንዲህ ሆነ?» ወደሚለው ይለወጣል።

ሁለተኛው ቋንቋው ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ በሁለተኛ ደረጃ ግን እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ስለዚህ «ላዕል» እና «ታህት» እያለ የተማረ ልጅ በዘጠነኛ ክፍል «ኑመሬተር» እና «ዲኖሚኔተር» የሚል መምህር ፊት ይቀመጣል።

ሦስተኛው ኑሮው ነው። የገጠር ልጅ ብዙውን ጊዜ ከወላጆቹ ተለይቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እያመላለሰ፣ ራሱ እያበሰለ ይማራል። የሚያጠናበትን ሰዓት የሚያስታውሰው፣ ሲከፋው የሚያጽናናው ሰው በአጠገቡ የለም።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የዘመናችን መከራ ተጨምሯል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ተለይተው ቆይተዋል። ከላይ የጠቀስኳት ልጅም ያጣችው የትምህርት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የታሪክ ወይም የጂኦግራፊ ምዕራፍ ያመለጠው ተማሪ የሚቀጥለውን ምዕራፍ አንብቦ ሊረዳው ይችል ይሆናል። በሒሳብ ግን ያመለጠው ነገር የሚቀጥለው ሁሉ የሚቆምበት መሠረት ነው።

የዚህ ድክመት ፍሬ በ12ኛ ክፍል ይታያል። በብሔራዊው ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም ወደ 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት ብዙዎች መንግሥትን፣ መምህራንን ወይም ልጆቹን ሲወቅሱ ሰምተናል። እኛ ግን «በቤታችንና በአጥቢያችን ምን ማድረግ እንችላለን?» ብለን ብንጠይቅ ይበጃል።

2. ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጉት አምስት መሠረቶች

ወላጆች ብዙውን ጊዜ «የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ይገዛለትና አስቀድሞ ይጀምር» ይላሉ። አሳባቸው በጎ ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም። መሠረቱ የጎደለው ልጅ አዲሱን መጽሐፍ ቢገልጥ የሚያተርፈው ፍርሃት ብቻ ነው። የሚሻለው ወደ ኋላ ተመልሶ የጎደለውን ማግኘት ነው።

ይህን የሚያረጋግጥ ጥናት አለ። ሮበርት ሲግለር የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ያሉ ልጆችን ከመጀመሪያ ደረጃ እስከ ሁለተኛ ደረጃ የተከታተሉ መረጃዎችን መርምረዋል። ያገኙትም ይህ ነው፦ ልጁ በመጀመሪያ ደረጃ ሳለ ስለ ክፍልፋይና ስለ ማካፈል ያለው ዕውቀት ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ በአልጀብራና በጠቅላላው ሒሳብ የሚኖረውን ውጤት አስቀድሞ ያመለክታል። የቤተሰቡ ገቢና የልጁ አጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ግምት ውስጥ ከገቡ በኋላም እንኳ ይህ ግንኙነት ጸንቶ ተገኝቷል።

በመሆኑም ቀጥሎ ያሉትን አምስት መሠረቶች እንመልከት።

ሀ) የማባዛት ሠንጠረዥና ማካፈል። ልጁ 7 በ8 ሲባዛ 56 መሆኑን ለማወቅ በጣቱ የሚቆጥር ከሆነ አእምሮው በቆጠራ ይደክምና ለዋናው ጥያቄ ኃይል አይተርፈውም። ሠንጠረዡን በቃል ማወቅ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም። የቅኔ ተማሪ ግሱን በቃሉ ሳይዝ ቅኔ አይቆጥርም።

ለ) ክፍልፋይ፣ አሥርዮሽና መቶኛ። ሦስቱ የአንድ ነገር ሦስት ስሞች ናቸው፤ ሩብ፣ 0.25 እና 25 ከመቶ አንድ ናቸው። ብዙ ልጆች 0.35 ከ0.5 ይበልጣል ይላሉ፤ 35 ከ5 ይበልጣልና። 0.5 ማለት 0.50 መሆኑን በብር ከሳንቲም ብናሳያቸው ስህተቱን በቶሎ ይተዉታል።

ሐ) ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች። እነዚህን ለማስረዳት ዕዳን የመሰለ ምሳሌ የለም። 4 ብር ያለው ሰው 9 ብር ቢጠየቅ 5 ብር ዕዳ ይቀርበታል፤ ይኸውም 4 − 9 = −5 ነው። 3 ብር ዕዳ ያለበት ሰው ሌላ 5 ብር ቢበደር ዕዳው 8 ይሆናል፤ −3 − 5 = −8። ዕዳ ሲሰረዝለት ደግሞ ሀብቱ እንደ ጨመረ ይቆጠራል፤ ስለዚህ 7 − (−2) = 9 ነው።

መ) ንጥጥርና ወደር። ይህም አንዱ ሲጨምር ሌላው በስንት እጥፍ እንደሚጨምር ማወቅ ነው። የቅርጾች ተመሳሳይነትና ትሪጎኖሜትሪ በዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ሠ) የእኩል ምልክት ትርጉም። ልጆችን 8 + 4 = □ + 5 ብላችሁ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ በሣጥኑ ውስጥ 12 ይጽፋሉ። ምክንያቱም የእኩል ምልክትን «መልሱን እዚህ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ አድርገው ይወስዱታል። እውነተኛ ትርጉሙ ግን የገበያ ሚዛን ነው፤ በግራ ያለው በቀኝ ካለው ጋር ይተካከላል። ስለዚህ መልሱ 7 ነው። አልጀብራ በሙሉ የቆመው በዚህ ሚዛን ላይ ነው፤ ከአንዱ ወገን ያነሣነውን ከሌላውም ማንሣት አለብንና። አልጀብራ የሚለው ስም ራሱ በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይኖር የነበረው አል ኽዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ርእስ የተገኘ ነው።

3. ዐሥር የመፈተኛ ጥያቄዎች

ልጁ የጎደለው ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ማስተማር በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። ስለዚህ እነዚህን ዐሥር ጥያቄዎች በጸጥታ፣ ያለ ካልኩሌተር፣ ያለ ቁጣ ስጡት።

(1) 7 × 8 ስንት ነው?
(2) 7518 ለ19 ሲካፈል ድርሻውና ቀሪው ስንት ነው?
(3) 1/2 + 1/3 ስንት ነው?
(4) ከ3/4 እና ከ2/3 የሚበልጠው የትኛው ነው?
(5) ከ0.5 እና ከ0.35 የሚበልጠው የትኛው ነው?
(6) የ600 ብር 15 ከመቶ ስንት ነው?
(7) −3 − 5 ስንት ነው?
(8) 8 + 4 = □ + 5፤ በሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ስንት ነው?
(9) ከ3 ጥማድ 12 ኩንታል ጤፍ ከተገኘ፣ በዚያው ልክ ከ5 ጥማድ ስንት ይገኛል?
(10) አንድ ቁጥር በ3 ተባዝቶ 4 ቢጨመርበት 19 ሆነ። ቁጥሩ ስንት ነው?

መልሶቹ በተራ እነዚህ ናቸው፦ 56፤ ድርሻ 395 ቀሪ 13፤ 5/6፤ 3/4፤ 0.5፤ 90 ብር፤ −8፤ 7፤ 20 ኩንታል፤ 5።

ልጁ በአንደኛውና በሁለተኛው ከተሰናከለ ከሠንጠረዡና ከማካፈል ይጀምር። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ባሉት ከተሰናከለ ክፍልፋይ ላይ ይቆይ። የተሰናከለው በመጨረሻዎቹ አራት ብቻ ከሆነ መሠረቱ ደኅና ነው፤ ወደ እኩልታ ማለፍ ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን መልሱን እንዴት እንዳገኘው በቃሉ እንዲያስረዳ ጠይቁት። ትክክለኛ መልስ በተሳሳተ መንገድ ሊገኝ ይችላል፤ የተሳሳተ መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ በውስጡ ምክንያት አለው። ያን ምክንያት ያገኘ መምህር የሥራውን ግማሽ ፈጽሟል።

4. በቤትና በማሳ ያለው ሒሳብ

«እኔ አልተማርኩም፤ ልጄን ምን ላስተምረው እችላለሁ?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ይሁን እንጂ የጎጃም ገበሬ ክፍልፋይን ከማንም ባላነሰ ያውቃል። እኩል፣ ሲሶ፣ ሩብ፣ አሥራት የሚሉት ቃላት ከትምህርት ቤት የመጡ አይደሉም፤ ከመሬትና ከእህል ክፍፍል የመጡ ናቸው። በቀድሞው ዘመን የመሬት ሀብት ሲሶው ለነጋሽ፣ ሲሶው ለቀዳሽ፣ ሲሶው ለአራሽ ነው ይባል ነበር። ሦስት ሲሶ አንድ ሙሉ መሆኑን የማያውቅ አራሽ አልነበረም።

ስለዚህ አባት ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ልጁን እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። «የእኩል ካረስነው መሬት 12 ኩንታል ጤፍ ገባ። ግማሹን ለባለ መሬቱ ሰጠን። ከደረሰን ላይ ሩቡን ለዘር አስቀመጥን። ስንት ቀረን?» ልጁ ደረጃ በደረጃ ቢሄድ 6 ኩንታል ደረሰን፣ ከዚያ 1 ኩንታል ተኩል ለዘር፣ 4 ኩንታል ተኩል ቀረ ይላል። ቀጥሎ «ከጠቅላላው ስንተኛው እጅ ቀረን?» ቢባል 1/2 × 3/4 = 3/8 መሆኑን ያገኛል። የ12 ሦስት ስምንተኛ 4.5 ነውና ሁለቱ መንገዶች ይገናኛሉ። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ ክፍልፋይን ማባዛት ምን እንደ ሆነ ይገባዋል።

መቶኛን ደግሞ ገበያ ያስተምራል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ 12,000 ብር ነበር እንበል፤ 25 ከመቶ ጨመረና 15,000 ብር ሆነ። በሚቀጥለው ወር 25 ከመቶ ቢቀንስ ወደ 12,000 ይመለሳልን? አብዛኛው ሰው «ይመለሳል» ይላል። ግን የ15,000 ብር 25 ከመቶ 3,750 ነው፤ ስለዚህ ዋጋው 11,250 ብር ይሆናል። «ከመቶ» በተባለ ቁጥር «የምኑ ከመቶ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ልማድ ያለው ልጅ በፈተናም በነጋዴም በቀላሉ አይታለልም።

መሬትም እንዲሁ ነው። በተለምዶ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይታሰባል፤ አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ አንድ ጥማድ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። አራት ማዕዘን ቢሆን እያንዳንዱ ጎን 50 ሜትር ይሆናል፤ 50 × 50 = 2,500። ልጁን ወደ ማሳ ወስዳችሁ በእርምጃ ለክቶ ይመልከት። የካሬ ሥር የሚባለው ነገር የማሳው ጎን መሆኑን አንድ ጊዜ በእግሩ ከለካው አይረሳውም።

5. የቀደሙት ሊቃውንት ስሌት

የዲማ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የዲማ ጊዮርጊስን የቅኔ ትምህርት ቤት፣ ወይም በ1958 ዓ.ም የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በእንዲህ ያሉ የኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን የአብነት ትምህርት ቤቶች ግን ከቅኔና ከዜማ ጎን ስሌትም ይታወቅ ነበር። እርሱም በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት ባሕረ ሐሳብ ነው፤ በትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ የሚሰጥ ነው። ለልጆቻችን የማካፈል ልምምድ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የ2018 ዓ.ምን እንውሰድ። በአቆጣጠሩ መሠረት 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል።

7518 ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1879፣ ቀሪው 2 ነው። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነውና ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ ነው።

ድርሻው 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል። 7518 + 1879 = 9397። ይህ ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እየተባለ ይቆጠራል፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም ሐሙስ ዋለ።

7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል። ከዚህ አንድ ሲቀነስ 12 ወንበር ይባላል። 12 × 11 = 132፤ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው 12 አበቅቴ ነው። 12 × 19 = 228፤ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው 18 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ 12 + 18 = 30። በዚህም ስሌተኛው ሥራውን ራሱ ይመረምራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ለጎበዞች ልተው። ወንበር ዜሮ እስካልሆነ ድረስ የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 30 የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? ምስጢሩ 11 + 19 = 30 በመሆኑ ነው፤ ወንበሩ በ30 ሲባዛ ውጤቱ ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላልና። ልጁ ይህን በራሱ ቃል ማስረዳት ከቻለ ከስሌት ወደ ማረጋገጫ ተሻግሯል፤ ዘጠነኛ ክፍል ከእርሱ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ለልምምድ የ2019 ዓ.ምን ይሥራ። መልሱ ዘመነ ሉቃስ፣ መስከረም 1 ቀን ዓርብ፣ ወንበር 13፣ አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7 ነው።

6. ቋንቋው እንዳያሰናክለው

እኔ ራሴ ዘጠነኛ ክፍል እንደ ገባሁ የተቀበልኩትን የመጀመሪያ ፈተና አልረሳውም። ጥያቄው የሁለት ቁጥሮችን «ፕሮዳክት» ፈልግ ይል ነበር። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ፕሮዳክት» ማለት ምርት ነው ተብዬ ነበርና፣ ምርት ሲሰበሰብ ይደመራል ብዬ ቁጥሮቹን ደመርኳቸው። በሒሳብ ግን ቃሉ ብዜት ማለት ነው። ማባዛቱን አውቅ ነበር፤ የወደቅሁት በቃሉ ነው።

ስለዚህ ልጁ በክረምቱ አንድ ደብተር በሁለት ዓምድ ከፍሎ ቃላቱን ይጻፍ። ሰም፦ ድምር፤ ዲፈረንስ፦ ልዩነት፤ ፕሮዳክት፦ ብዜት፤ ኮሸንት፦ ድርሻ፤ ሪሜይንደር፦ ቀሪ፤ ፍራክሽን፦ ክፍልፋይ፤ ኢኩዌሽን፦ እኩልታ፤ አት ሊስት፦ ቢያንስ፤ አት ሞስት፦ ቢበዛ። በቀን አምስት ቃል ቢይዝ በአንድ ወር ከመቶ በላይ ያውቃል።

ከቃሉ በላይ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል ያሳስታል። «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤ ናምበር» የሚለውን ብዙ ተማሪ 5 ሲቀነስ ቁጥሩ ብሎ ይጽፈዋል፤ እንግሊዝኛው 5ን አስቀድሟልና። ልጁ በልቡ ወደ አማርኛ ቢመልሰው ግን «ከአንድ ቁጥር ላይ 5 ሲቀነስ» ይሆናል፤ በአማርኛው ቁጥሩ ይቀድማል፣ 5 ይከተላል፣ አጻጻፉም እንዲሁ ነው። እንግዲህ አማርኛ ለሒሳብ እንቅፋት ሳይሆን ረዳት ሊሆን ይችላል። ልጁ ጥያቄውን በአማርኛ ይረዳ፣ በእንግሊዝኛ ይጻፍ።

7. የስምንት ሳምንት መርሐ ግብር

ክረምት የሥራ ጊዜ ነው፤ እርሻው አለ፣ አረሙ አለ። ስለዚህ ከልጁ በቀን ከ45 ደቂቃ በላይ አንጠይቅ፤ በሳምንት አምስት ቀን ይበቃል። በአንድ ቀን አራት ሰዓት አጥንቶ ሳምንቱን ከመተው በየቀኑ ጥቂት መሥራት ይሻላል።

1ኛ ሳምንት፦ የመፈተኛ ጥያቄዎችና የማባዛት ሠንጠረዥ።
2ኛ ሳምንት፦ ማካፈል ከነቀሪው፤ ባሕረ ሐሳብ።
3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ ክፍልፋይ። ይህ ሁለት ሳምንት የተሰጠው ክብደቱ ስለሚበልጥ ነው።
5ኛ ሳምንት፦ አሥርዮሽና መቶኛ፤ የገበያ ጥያቄዎች።
6ኛ ሳምንት፦ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች፤ ንጥጥርና ወደር።
7ኛ ሳምንት፦ የእኩል ምልክትና ቀላል እኩልታዎች።
8ኛ ሳምንት፦ ክለሳ፤ ዐሥሩን ጥያቄዎች ቁጥራቸውን ለውጦ እንደገና መሥራት።

የቃላቱ ደብተር ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መጨረሻው ይቀጥል። የተሳሳቱ ሥራዎችም አይጥፉ፤ በአጠገባቸው ትክክለኛው ይጻፍ እንጂ። ልጁ ከየት እንደ ተነሣ የሚያየው በእነርሱ ነው።

8. ለወላጆችና ለመምህራን

አንደኛ፣ «ሒሳብ ለሴት አይሆንም» ወይም «በዘራችን ሒሳብ የሚችል የለም» የሚል ቃል ከቤታችን ይውጣ። ልጅ ወላጁ የነገረውን ያምናል፤ ያመነውንም ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የተሳሳተ ልጅ አይመታ፣ አይሰደብም። የፈራ ልጅ የሚያስበው ከቁጣው የሚያመልጥበትን መንገድ እንጂ መልሱን አይደለም።

ሦስተኛ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየቁምስናው ያለውን አዳራሽና ጥቁር ሰሌዳ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ለዚህ ሥራ ክፍት ቢያደርጉ መልካም ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ያስተምሩ፤ የሚያስተምር ሁለት ጊዜ ይማራልና። ልጁ የየትኛውም እምነት ልጅ ቢሆን በሩ አይዘጋበት።

አራተኛ፣ ልጁ ከተማ ከገባ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት አትራቁት። ስንቅ ስታደርሱ «ስንት አገኘህ?» ብቻ ሳይሆን «ያልገባህ ምንድን ነው? ማንን ጠየቅህ?» በሉት። ያልገባውን የሚጠይቅ ልጅ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል።

ማጠቃለያ

ያች የዲማ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ እኔ እዚያ በቆየሁባቸው ሦስት ሳምንታት ማታ ማታ እየመጣች ተማረች፤ የቀረውን ጊዜ ደግሞ 12ኛ ክፍል የጨረሰ የአጎቷ ልጅ አስጠናት። በመስከረም ከተማ ገባች። በኅዳር ወር በእናቷ ስልክ ደውላ የመጀመሪያ ፈተናዋን ከ20 ዐሥራ አንድ ማግኘቷን ነገረችኝ። ውጤቱ ከፍ ያለ አይደለም፤ እርሷም ይህን ታውቃለች። ነገር ግን «አባ፣ የተሳሳትኩባቸውን ዘጠኙን በደብተሬ ጽፌያቸዋለሁ፤ ስድስቱ አሁን ገብተውኛል» አለችኝ። አባቷስ ምን አሉ ብዬ ብጠይቃት፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ፣ «ባለፈው ቅዳሜ ስንቄን ያመጣው እርሱ ነው» ብላ መለሰችልኝ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን የሚጨርሱ ልጆች ስንት ናቸው? ከእነርሱ ውስጥ በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ያቋረጡትስ?
2. በቤታችን ስለ ሒሳብ ምን ዓይነት ቃል እንናገራለን?
3. በመጪው ክረምት ልጆችን ሊያስጠኑ የሚችሉ ወጣቶች እነማን ናቸው? ቦታውንና ሰዓቱን ማን ያዘጋጃል?